አፈር የሚቀምሱት ጋሽ ደምሴ

ጋሽ ደምሴ ማረፋቸው የተነገረኝ ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምሠራው። የአንዲት አሮጊት እግር እያጠብኩ ሳለ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ደጋግሞ ነዘረ፤ እጄን አደራርቄ ኮሪደር ላይ ወጣሁና አነሳሁት። እማዬ ነበረች። «ደምሴ ዐረፈ። ልቡ ነው አሉ፤ እንደተኛ ቀረ» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ እፎይታ ነበር። «በቃ፣ ከእንግዲህ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም» አልኩ በልቤ። ወዲያው ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። እንዲህ ያለ ሐሳብ እኔ ውስጥ መኖሩን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላውቅም ነበር።

ጋሽ ደምሴ የቤተክርስቲያናችን አትክልተኛ ነበሩ። ደመወዝ የላቸውም፤ በፈቃዳቸው ነው የሚያገለግሉት። ረጅም፣ ቀጭን፣ በሐምሌ ሙቀት እንኳ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ ከባርኔጣቸው ሥር እርጥብ ጨርቅ የሚያደርጉ ሰው። በወጣትነታቸው አሰብ፣ ወደቡ አጠገብ በነበረ የሠራተኞች ሰፈር፣ አሥራ ስድስት ዓመት አትክልት ተክለዋል። የትም ይጀምሩት የት፣ ወሬያቸው አሰብ ሳይደርስ አያልቅም። ልጆቻችን «ሚስተር አሰብ» ነበር የሚሏቸው።

ሰው አሰብ ሲባል ሙቀቱ ብቻ ነው የሚታየው። ለእሳቸው ግን ሙቀቱ ቀላሉ ነበር። «ለሙቀቱስ ጥላ ሥር ትገቢያለሽ፤ እርጥበቱን ወዴት ትሸሺዋለሽ?» ይሉኛል። ጠዋት የተሰጣ ሸሚዝ ማታ እንደረጠበ ይገባል። የበር ማጠፊያ በዓመቱ ዝጎ ይወድቃል። ሰማዩ ጠብ አያደርግም፤ አየሩ ግን ከሰው ገላ ላይ ላብ አያነሳም። «የዴንቨር ፀሐይ ይገርፍሻል እንጂ ጥሎሽ ይሄዳል። አሰብ ግን አቅፋ ነው የምትይዝሽ፤ አትለቅሽም» ይሉ ነበር።

በዚያ አገር የተክል ጠላቱ ጨው ነው። ከባሕር የሚነፍሰው ነፋስ ጨው ያመጣል፤ ከጉድጓድ የሚቀዳው ውሃም ጨው አለበት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ካጠጡ ፀሐይ ውሃውን ትመጥና ጨውን ለሥሩ ትታለት ትሄዳለች። ስለዚህ ጋሽ ደምሴ ዛፍ ሲተክሉ ጉድጓዱን ከመሬት ዝቅ ያደርጋሉ፤ በነፋሱ በኩል ሰሌን ይከልላሉ፤ ጎህ ሲቀድ ቅጠሉን ያጥባሉ። ውሃ የሚሰጡት ከስንት አንዴ ነው፤ ሲሰጡ ግን ጠግቦ እስኪተርፈው ነው፤ ጨው ወደ ታች፣ ሥር ወደማይደርስበት እንዲወርድ። የቱ መሬት ስንት ጨው እንዳለው የሚያውቁት ደግሞ በምላሳቸው ነው። ከአንድ የአፋር ሽማግሌ የተማሩት ነው። በጣታቸው ቆንጠር ያደርጉና ምላሳቸው ጫፍ ላይ ጣል፣ ዓይናቸውን ጨፈን፣ ከዚያ እንትፍ። «እዚህ ኒም ይበቅላል፤ እዚያ ከተምር ሌላ አትድከሙ» ይሉ ነበር አሉ።

ዴንቨር የመጡ ሰሞን ካፒቶል ሂል አንዲት ክፍል ተከራይተው ሲኖሩ፣ ጠዋት ወደ አውቶቡስ ሲሄዱ ስፕሪንክለር የሚሉት ውሃ መርጫ የሰው ሣር ሲያጠጣ ያያሉ። ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ይዘው ቀመሱት። ማር የመሰለ ውሃ። «ይሄን ሣር ላይ? ምን ዓይነት ጥጋብ ነው!» ብለው መንገድ ላይ ቆመው እንደቀሩና አውቶቡሱ እንዳመለጣቸው ሲያወሩልን እንስቅ ነበር።

ቤተክርስቲያናችን የራሷን ሕንፃ ስትገዛ፣ ፓርኪንጉ ዳር ዛፍ ይተከል የሚል ሐሳብ ያመጡት እሳቸው ናቸው። ዝም ብሎ ዛፍ አይደለም። «አገር ቤት ዘመዱ ሞቶበት ቀብር ያልደረሰ ሰው፣ በስሙ አንድ ዛፍ ይትከል። አፈር ያላለበሰ እጅ ቢያንስ አፈር ይንካ» አሉ። አሥራ አንድ ቤተሰብ ተመዘገበ። ሜፕል ነው የመረጥነው፤ በመከር ቅጠሉ ሲቀላ ያምራል ብለን። ጋሽ ደምሴ ጠንከር ያለ ዛፍ ይሻላል ብለው ነበር፤ ማን ሰምቷቸው! ከመግቢያው አጠገብ ካሉት ከአምስቱ አንዱ አባቴ ነው፤ አንዱ የወይዘሮ ጽጌ አባት፤ አንዷ ደግሞ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር የአቶ መላኩ እናት ናት። «ነው» እና «ናት» ያልኩት አውቄ ነው። እኛ ዘንድ ማንም «የእናቴ ዛፍ» አይልም ነበር። «እናቴ ጋ ደርሼ ልምጣ» ነው የሚባለው።

እማዬም በየእሑዱ ከመኪና እንደወረደች ወደ ቤተመቅደሱ ከመግባቷ በፊት አባዬ ጋ ትደርሳለች። አንድ ዊንተርም እንደዚሁ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ ዛፉ ስትራመድ በረዶው አዳለጣትና ወደቀች። ድምፁን ሰምቼዋለሁ። በሥራዬ ስንት የተሰበረ ዳሌ አይቻለሁ፤ ሳላነሳት በፊት ምን እንደሆነ ዐውቄ ነበር።

ከዚያ በኋላ እኔ ሌላ ሰው ሆንኩ። በረዶ የመጥረጉን አገልግሎት «እኔ ነኝ የምይዘው» ብዬ ተቀበልኩ። ከምኖርበት ከሞንትቤሎ ገና ሳይነጋ በአሥራ አንድ ሰዓት ተነስቼ እየነዳሁ እመጣለሁ፤ በረዶውን በአካፋ ጠርጌ ያገኘሁት ክፍት ቦታ ላይ፣ ማለትም ዛፎቹ ሥር፣ እከምረዋለሁ። ከዚያ የበረዶ ማቅለጫ ጨው በከረጢት እየተሸከምኩ እነሰንሳለሁ። ከረጢቱ ላይ አንድ ኩባያ ይበቃል ይላል፤ እኔ በአካፋ ነው። አባዬ ጋ ስደርስማ እጥፍ አደርገዋለሁ፤ እናቴ የወደቀችው እዚያ ነዋ! ጨውና በረዶ አንድ ላይ ተጠርጎ እዚያው አምስቱ ዛፎች ሥር ይከመራል፤ ይቀልጣል፤ ይሰርጋል። አራት ወር ሙሉ እንዲህ አደረግኩ። ሰዉ ሁሉ መረቀኝ።

ግንቦት ላይ ቅጠል ወጣ። ከዚያ የአምስቱ ቅጠል ዳር ዳሩን እሳት እንደነካው ወረቀት ቡኒ ሆነ።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ደምሴ «ሰናይት፣ እስቲ ነይ» አሉኝ። አባዬ ሥር ተንበርክከዋል። አፈር ቆንጠር አድርገው ምላሳቸው ላይ ጣሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንትፍ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ አላሉም።

«ምንድን ነው ጋሽ ደምሴ?»

«አሰብ» አሉኝ።

ነገሩ አልገባኝም። ቀና ብለው አዩኝ። «ጨው ነው ልጄ። እዚህ አገር አገኘዋለሁ ብዬ ያላሰብኩት ጣዕም። በዊንተር ስኖውን ማነው የሚጠርገው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጨው ታደርጊበታለሽ?»

«እማዬ ከወደቀች ወዲህ… አዎ።»

«ብዙ?»

በአካፋ የበተንኩት ትዝ አለኝ። አምስት ቤተሰብ፣ አምስት ሬሳ። በራሴ እጅ፣ አባቴን ጨምሮ። ጋሽ ደምሴ ፊቴን አይተው ወደ መግቢያው ዞሩ። እማዬ በመደገፊያ ዎከሯ እየተጎተተች ወደ እኛ እየመጣች ነበር።

«እናትሽ ዳሌያቸው እንዴት ሆነላቸው?» አሉኝ።

«ደህና ነች።»

«እሰይ።» እጃቸውን አራግፈው ተነሱ። «በውሃ እናጥበዋለን» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የውጭውን ቧንቧ ጎህ ሲቀድ ከፍተው፣ ጎማውን ከአንዱ ዛፍ ወደ አንዱ እያዛወሩ ቀኑን ሙሉ ያጠጡ ጀመር። ቧንቧው በብረት ቁልፍ ነው የሚከፈተው፤ ቁልፉን በጫማ ክር ከቀበቷቸው ጋር አስረው ይዘውት ይዞራሉ። በጋው ደረቅ ነበር፤ የውሃ ገደብም ወጥቶ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ለቤተክርስቲያኑ የማስጠንቀቂያ ወረቀት መጣ። በዚያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምድር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ።

አቶ መላኩ ክፉ ሰው አይደሉም። ሴንቴኒያል የሚኖሩ፣ ሥርዓት የሚወዱ፣ ለደቂቃ የማያረፍዱ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን እናታቸው እየደረቀች ነበር። ስልካቸውን ወደ ላይ አንስተው የቅጠሉን ፎቶ አሳዩን። «ጎግል አድርጌዋለሁ። የቅጠል ዳር ቡኒ ከሆነ ኦቨርዋተሪንግ ነው ይላል። ጋሽ ደምሴ፣ ዕድሜዎን አከብራለሁ፤ ግን ይሄ አሰብ አይደለም። ዛፎቹን በውሃ እየገደሏቸው ነው።»

«አንድ ቀን ሙሉ ውሃ! እኔ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ ወይዘሮ ጽጌ።

ጋሽ ደምሴ ተነሱ። «ከላይ ያለው ወደ ታች እንዲታጠብ ብዬ ነው» አሉ።

«ምኑ ነው የሚታጠበው?»

እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። እጄ ላይ የያዝኩት የወረቀት ኩባያ ተጨማድዶ ሻዩ ቀሚሴ ላይ ፈሷል፤ ያወቅኩት ኋላ ነው። አሁን ይናገራሉ አልኩ። አሁን ይዞሩና በጣታቸው ያሳዩኛል። አንድ ቃል ብቻ ነው የቀራቸው። ጋሽ ደምሴ ግን ወደ እኔ ሳይዞሩ «አፈሩ» አሉ።

«አፈር ይታጠባል እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሰው ሳቀ።

ደግሞ ትንሽ ያሰበ ሰው ቢኖር ነገሩ ግልጽ ነበር። አሥራ አንዱንም ዛፍ የተከሉትና ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። የታመሙት ግን በረዶ የተከመረባቸው አምስቱ ብቻ! ይህን እያወቅኩ፣ ባፌ ሞልቶ፣ ዋጥኩት። አቶ መላኩ እጃቸውን ዘረጉ። ጋሽ ደምሴ የጫማ ክሩን ለመፍታት ጎንበስ አሉ፤ ቋጠሮው ጠብቆ ነበርና ጊዜ ወሰደባቸው። አዳራሹ ሙሉ ሰው ያያቸዋል። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ።

ከዚያ በኋላ አይመጡም ብዬ ነበር። በሳምንቱ አንድ ቀን ከሥራ በፊት በዚያ ሳልፍ አሮጌ ፒካፕ ቆሞ አየሁ። ፓርክ አድርጌ ወረድኩ። ጋሽ ደምሴ ከመኪናው ላይ ጀሪካን እያወረዱ ነበር፤ ከቤታቸው ቧንቧ ቀድተው የመጡት ውሃ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ከንፈራቸውን አየሁት፤ ጠቁሯል። ሥራዬ ነውና ደነገጥኩ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ይሄ ለልብዎ ጥሩ አይደለም! ያስቀምጡት!»

«ቀስ እያልኩ ነው። ላቤ እየወጣ ነው፤ ላብ የሚደርቅበት አገር ሰው አይሞትም» ብለው ሳቁ።

የሚያጠጡት አንዷን ብቻ ነበር። የአቶ መላኩን እናት።

«ለምን እሷን?» አልኩ።

«አምስቱን በጀሪካን አልችልም። አንዷን እችላለሁ።»

«እሺ፣ ለምን አባቴ አይሆንም?» ከአፌ ሲወጣ እንኳ አላፈርኩም።

ጀሪካኑን አዘንብለው ውሃው በዝግታ እንዲፈስ ያዙት። «አንቺ ስለ አባትሽ የምታወሪያት እናት አጠገብሽ አለችሽ። መላኩ ግን እናቱን ከዚህች ሌላ የሚያገኝበት የለውም» አሉኝ።

«ለምን በስብሰባው ላይ አልተናገሩም? ለምን እኔ ነኝ አላሉም?»

«አፈር በውሃ ይታጠባል ሰናይት። የሰው ስም አንዴ ጨው ከገባበት በምን ይታጠባል? እናትሽ በዚህ በር ነው የሚገቡት።»

«የእርስዎስ ስም?»

«የኔ አሰብን የለመደ ነው፤ ይችለዋል።»

ልርዳዎ አልኳቸው። «ሰው ቢያይሽ ለምን ብሎ ይጠይቅሻል» አሉኝ። ምክንያት አገኘሁና መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሄድኩ። በመስተዋቱ አየኋቸው፤ ሁለተኛውን ጀሪካን በሁለት እጃቸው አቅፈው ያወርዳሉ። በሕይወቴ ብዙ ጥፋት አለኝ፤ እንደዚያን ቀን መሄዴ የሚያንገበግበኝ ግን የለም። ያን በጋ ሙሉ፣ በየሳምንቱ ሦስትና አራት ቀን፣ እንዲያ ሲያደርጉ ከረሙ። ልባቸውን የጎዳው እሱ ይሆን እያልኩ ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ፤ መልስ የሚሰጠኝ የለም።

በጥቅምት አራቱ ዛፎች ሞቱ። አባዬን ሲቆርጡት እማዬ መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። የአቶ መላኩ እናት ግን በሚቀጥለው ግንቦት ለምልማ ወጣች። አቶ መላኩ «ቁልፉን በጊዜ ስለወሰድኩ ነው» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻቸዋለሁ። ስለፎከሩ አልፈርድባቸውም፤ የሚያውቁት ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ላክል። ዛፎቹ በሞቱበት ዓመት የመጀመሪያው በረዶ የወረደ ቀን፣ ጨው የማስቀምጥባትን ጓዳ ስከፍት ከረጢቶቹ የሉም። በቦታቸው ስድስት ባልዲ ደረቅ አሸዋ ተደርድሯል፤ የተነፋ፣ ጥርት ያለ አሸዋ። ጋሽ ደምሴ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አንስተውልኝ አያውቁም። አሸዋው እግር ይይዛል፤ እማዬም አላዳለጣትም። እሑድ እሑድ ሲያገኙኝ ግን እስኪሞቱ ድረስ ያንኑ ነበር የሚጠይቁኝ፤ «እናትሽ ዳሌያቸው እንዴት ሆነላቸው?»

አርባቸው የወጣው በዚያው አዳራሽ ነው። ፎቷቸው ጠረጴዛ ላይ፣ አጠገቡ ጧፍ። ልጅ አልነበራቸውም፤ የመጣነው እኛው ነን። አቶ መላኩ ተነስተው ጥሩ ነገር ተናገሩ፤ ትጉህ ነበሩ፣ ትሑት ነበሩ አሉ። ከዚያ «በዛፎቹ ጉዳይ እንኳ ትንሽ ተቀያይመን ነበር» አሉ። «ጥፋት ነበረባቸው፤ ግን ሰው ናቸው። ሁላችንም ይቅር ብለናቸዋል። እግዜር ይቅር ይበላቸው።»

«አሜን» አለ ሰዉ። እኔ አላልኩም። ቆሜ ነበር፤ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም።

«ዛፎቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ።

እማዬ ክንዴን ያዘች። አስለቀቅኳት። ነገርኳቸው፤ ጨውን፣ አካፋውን፣ እጥፍ ማድረጌን፣ ጋሽ ደምሴ አፈሩን መቅመሳቸውን። ውሃው ጨው እንዲታጠብ የታዘዘ መድኃኒት እንደነበረ ነገርኳቸው። እሳቸው እዚህ ቆመው ሲሳቅባቸው እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሻይ ይዤ ተቀምጬ እንደነበርም።

ወይዘሮ ጽጌ ከተቀመጡበት ተነሱ። «ሁለት ዓመት!» አሉ። «ሁለት ዓመት አብረሽኝ ቆርበሻል!» ቦርሳቸውን ይዘው ወጡ። እስከ ዛሬ አያናግሩኝም፤ እውነት አላቸው።

አቶ መላኩ እንደቆሙ ናቸው። ፊታቸው ላይ ቁጣ ስፈልግ አጣሁ። ያሰላስሉ ነበር።

«ቆይ» አሉ በመጨረሻ። «ጨው ከሆነ… እናቴ ለምን ዳነች? አምስቱም አንድ ላይ አልነበሩም እንዴ?»

ይህን እንዲጠይቁኝ አልፈለግሁም ነበር። «ቁልፉን ከተቀበሏቸው በኋላ» አልኩ፣ «በጋውን ሙሉ ከቤታቸው በጀሪካን ውሃ እየተሸከሙ መጥተዋል። አምስቱን አልቻሉም። አንዷን መረጡ።»

አቶ መላኩ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቁልፎቻቸውን አወጡ። የቧንቧው ቁልፍ ከመኪናቸው ቁልፍ ጋር አንድ ቀለበት ላይ ነበር፤ ሊያወጡት ይታገሉ ጀመር። ቀለበቱ ጠንካራ ነው፤ ጥፍራቸው ያዳልጣቸዋል። ማንም ሊያግዛቸው አልተነሳም። በመጨረሻ ወጣላቸው። ወደ ጠረጴዛው ሄደው ከጋሽ ደምሴ ፎቶ ፊት አኖሩትና፣ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ።